በስቅለት የተከፈተ ሳጥን

ለጥምቀት ባሕር ዳር ሄጄ ሳለሁ የጎረቤቴ ልጅ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ይዞኝ ገባ። እሱ የሚፈልገው የኩራዝ ማስቀመጫ ነበር። እኔ እግሬን አሞኝ ስለ ነበር በሩ አጠገብ ካለች በርጩማ ላይ ተቀመጥሁ። ባለሱቁ ፀጉሩን ያጎፈረ ጨዋ ልጅ ነው፤ አሮጊቷን ላጫውታት ብሎ መሰለኝ ከመደርደሪያው ሥር አንድ የእንጨት ሳጥን ጎትቶ አወጣና ክዳኑን ብድግ አደረገው። ወዲያው ሽታው መጣ። የሻገተ ሱፍ፣ የመኪና ዘይት፣ ከሁለቱ ሥር ደግሞ ምን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ የማላውቀው ጣፋጭ ነገር።

«ይህን ያውቁታል እማማ? የሸክላ ማጫወቻ ነው፤ የጣልያን ጊዜ።»

«አውቀዋለሁ። ዝጋው» አልሁት።

«ይሠራል እኮ! መዘውሩን ላዙርልዎት?»

«ዝጋው አልሁህ!»

ልጁ ደነገጠ። የጎረቤቴ ልጅም «እትየ፣ ምን ሆኑ?» እያለ ሮጦ መጣ። እኔ ሰው ፊት የማለቅስ ሴት አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ወጣሁ። ምን እንደ ሆንሁ በዚያ ሱቅ ውስጥ ማስረዳት አልቻልሁም። አሁን ግን ልንገራችሁ።

ጣልያን ባሕር ዳር ከገባ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። እኔ እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ያኔ ባሕር ዳር ከተማ አይባልም፤ ደብሩ፣ የደብሩ አገልጋዮች ጎጆ፣ የእስላሞቹ መንደር፣ ገበያው፣ ከዚያ ወዲያ ደንገልና ውሃ ነው። ጣልያን ከሐይቁ ዳር ካምፕ ሠርቶ በእሾህ ሽቦ አጠረው። እኛ ልጆች ሽቦው ላይ የሚያርፉትን ወፎች እያየን፣ እግራቸውን እንዴት አይወጋቸውም እያልን እንከራከር ነበር።

አባየ የደብሩ መሪጌታ ነበሩ። መሪጌታ ማለት ሊቃውንቱ ቀኝና ግራ ቆመው የሚቀባበሉትን ማኅሌት የሚመራ፣ ዜማውን የሚያነሣ፣ ሌሎቹ ሲስቱ የሚያርም ነው። እሳቸው ደግሞ ማረም ሲወዱ ለጉድ ነው! አንዱ ተማሪ በመንገድ ሲያልፍ ዜማ አበላሽቶ ከሰሙ፣ ጉርሻቸውን ትተው ይወጡና አጥር ላይ ተንጠልጥለው ያርሙታል። እማየ «ደግሞ ወጡ! ወጡ እንግዲህ፣ ወጡ ይቀዝቅዝ» ትላለች። ቁጡ ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን ሁልጊዜ ለዜማ ነው፤ እኔን ስለ ሌላ ነገር ተቆጥተውኝ አያውቁም።

ዓቢይ ጾም ሲገባ ከበሮው በጨርቅ ተጠቅልሎ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ጸናጽሉም አይነካም። ሊቃውንቱ እስከ ፋሲካ በድምፃቸውና በመቋሚያቸው ብቻ ያዜማሉ። ይኸ በየደብሩ ያለ ሥርዓት ነው። አባየ ግን ከቤተ ክርስቲያን አልፈው ቤታችን ድረስ ያመጡታል። በዚያ ወራት ጣሳ ብደበድብ፣ እማየ እንኳ በሙቀጫ ስትወቅጥ ምቱ ከበሮ ከበሮ ካለ፣ «ኧረ በእግዜር! ሞት ባለበት ቤት ከበሮ ይመታል?» ይላሉ።

«ማን ሞተ?» ብየ ጠየቅሁ አንድ ቀን፤ ጎረቤት የሞተ መስሎኝ።

«ጌታ ነዋ!» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

በዚያ ዓመት ጾሙ ሲያዝ ወንድሜ አንዳርጌ ተያዘ። ከደልጊ በኩል በታንኳ ደንገል ጭኖ ሲመጣ ከደንገሉ ሥር ጥይት ተገኘ። ጥይቱ ለአርበኞች እንደ ሆነ ማንም አላጣውም። ከእሱ በፊት በዚህ ነገር የተያዙት በካሚዮን ተጭነው ወደ ጎንደር ተወስደዋል፤ ተመልሶ የመጣ አልነበረም። ካሚዮኑ መቼ እንደሚመጣ ደግሞ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ እማየ ሞተር የሚመስል ድምፅ በሰማች ቁጥር የያዘችውን ጥላ ወደ ደጅ ትሮጥ ነበር። ብዙ ጊዜ የሐይቁ ጀልባ ሆኖ ይገኛል። ተመልሳ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሎ ነው።

ስንቅ ስናደርስ ሦስታችን ነበር የምንሄደው። እማየ አገልግሉን ትይዛለች፤ አባየ መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። ከካምፑ በር ላይ ቆመን ዘበኛው እስኪፈቅድ እንጠብቃለን። አንድ ቀን እንዲህ ቆመን ሳለን ከአዛዡ ቤት ሰገነት ድምፅ መጣ። የሰው ድምፅ ብቻ፤ ብዙ ወንዶችና ልጆች የሚመስሉ። ምንም አይመታ፣ ምንም አይነፋ፤ አንዱ ሊያርፍ ሲል ሌላው ይቀበለዋል። እኔ ካምፑ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የተሠራ መሰለኝ።

አባየ ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጡ።

«ከበሮ የለውም» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እማየ ዞሩ። «ጾሙን ይጠብቃሉ ለካ! እነዚህ ሰዎች እኮ ጾሙን ይጠብቃሉ!»

«ጠባቂ ያድርጋቸው» አለች እማየ፤ ዓይኗ እስር ቤቱ ላይ ነበር።

ድምፁ አለቀ። ሸክላው ሲያልቅ መርፌው የሚያሰማውን ጭርጭርታ ብቻ እንሰማ ነበር። ያን ጊዜ አባየ፣ ተራቸው የደረሰ ይመስል፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው የጾሙን ዜማ አነሡ። እማየ ክንዳቸውን ያዘች፤ ዘበኛው ጮኸ፤ እሳቸው ግን እስኪያርፉ አላቆሙም። በኋላ እማየ ስትወቅሳቸው «ቀኙ ሲያርፍ ግራው ዝም ይላል እንዴ? ነውር እኮ ነው» አሏት።

አዛዡ ወጣ። ካፒቴን ነው፤ ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ አገሩ ሁሉ «ባለሸክላው» ነው የሚለው። ረጅም፣ አንገቱ የቀላ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ከጎኑ አስተርጓሚው በርሄ ነበር፤ ከሐማሴን የመጣ ወታደር፣ የቄስ ልጅ። ካፒቴኑ ብዙ ተናገረ። በርሄ ወደ አባየ ጎንበስ አለና እንዲህ ሲል ተረጎመ፦

«መሪጌታ፣ ማን እንዳስተማረዎት ይጠይቃል። ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው እዚህ አገር አላገኘሁም ይላል። መኮንኖቹ የሚወዱት የመጠጥ ቤት ዘፈን ነው ይላል።»

«ልጄን ይፍታልኝ በለው» አሉ አባየ።

ካፒቴኑ ሳቀ፤ ከዚያ ትክ ብሎ አያቸው። አራት ሳጥን ሸክላ አለኝ፣ አለ፤ ከጥንቱ ጀምሮ እስከ አያቶቻችን ዘመን ድረስ በተራ የተቀመጠ። አራቱንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አብሮኝ የሚሰማ ሰው እፈልጋለሁ። አራተኛው ሲያልቅ ልጅህን ትወስዳለህ።

ቀልድ ይሁን የምር ይሁን በርሄም እንዳላወቀ ፊቱ ይናገር ነበር። አባየ ግን «ይሁን» አሉ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት ሄድን። እማየን ወደ ውስጥ አያስገቧትም፤ ልጅ ስለ ሆንሁ እኔ አገልግሉን ይዤ እገባለሁ። ለአንዳርጌ በመስኮቱ ፍርግርግ አቀብየው፣ ቅማሉን ሲቆጥር አይቼ፣ «እማየን ደህና ነኝ በያት» ብሎኝ፣ ሰገነቱ ደረጃ ላይ መጥቼ እቀመጣለሁ። ካፒቴኑ መዘውሩን ያዞራል፣ መርፌውን ያስቀምጣል፣ ክዳኑ ውስጥ ያለው ሱፍ በሐይቁ ሙቀት ይሸታል። አባየ በወንበሩ ጫፍ ላይ፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ተክለው ይሰማሉ።

የመጀመሪያው ሳጥን ያን በር ላይ የሰማነው ነው። ካፒቴኑ፣ ይህ፣ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያን ብቻ ይዘምር የነበረበት ዘመን ነው፣ አለ። አባየ «ዛሬስ የት ሊዘምሩ ነው?» አሉ። በርሄ ተርጉሞት እንደ ሆነ አላውቅም።

ሁለተኛውን ባሮክ ይለዋል፤ የነገሥታቱና የወርቁ ዘመን ነው አለ። እዚህ ላይ ክሮች መጡ፤ እንደ መሰንቆ ያሉ፣ ግን ብዙ። አንዱ ዜማውን ያነሣል፤ ሌላው ያንኑ ይዞ ይከተለዋል፤ ሦስተኛውም ይጨመራል፤ ሁሉም የየራሱን እየሄደ አንዱ አንዱን አይነካውም። አባየ ጣታቸው በጉልበታቸው ላይ መቁጠር ጀመረ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ አንዳርጌ ከተያዘ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

«ቀኝና ግራ ናቸው» አሉ። «የሚሯሯጡ ይመስላል እንጂ እየተቀባበሉ ነው። ግን ማረፊያ የላቸውም እንዴ? ትንፋሽ ያልቅባቸዋል!»

ካፒቴኑ ይኸን ሲሰማ ጉልበቱን መትቶ ሳቀ። ሌላ ሸክላ አወጣ፤ ሌላ፤ መሽቶ ዘበኛው እስኪመጣ።

ሦስተኛውን ክላሲክ ይለዋል። ይኸኛው ንጹሕ ነበር፤ እንደ ተጠረገ ግቢ። እኔ እንቅልፌ መጣ። አባየ ግን ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «ይኸ ጨዋ ነው» አሉ። «ይጠይቃል፣ ይመልሳል፣ ቤቱን ይመታል፣ ይቀመጣል። ቅኔ የተማረ ሰው ነው የሠራው።»

አራተኛው ሳጥን እንደ ተዘጋ ነበር። ከሌሎቹ ይተልቃል፤ የነሐስ መቆለፊያ አለው። ካፒቴኑ መዳፉን ክዳኑ ላይ አድርጎ ረጅም ነገር ተናገረ። በርሄ እየተቸገረ ተረጎመ፦

«ሮማንቲክ ይባላል። ይኸ ለቤተ ክርስቲያንም ለንጉሥም አይደለም ይላል። ሰው ብቻውን ሆኖ ስለ ልቡ የተናገረው ነው። ትልቁም ይኸ ነው ይላል፤ ከበሮው፣ መለከቱ፣ ሁሉም እዚህ ነው።»

«ከበሮ?» አሉ አባየ። ፊታቸው በራ።

በዚያች ቃል ነው ሁሉም ነገር የተወላገደው።

ወደ ቤት ስንመለስ እማየን አስቀመጧትና አስረዷት። አንደኛው ሳጥን የጾም ነው፤ ከበሮ የለውም። ሁለተኛው የጽጌ ነው፤ ማረፊያ የሌለው፣ እንደ ወራቱ አበባ የበዛ። ሦስተኛው የዘወትሩ ሰንበት ነው፤ ረጋ ያለ። አራተኛው ከበሮ ያለው የትንሣኤ ነው። ስለዚህ ሰውየው አራተኛውን ከፋሲካ በፊት አይከፍትም። አንዳርጌ ለፋሲካ ይፈታል።

«ፈረንጁ እንዲህ አለዎት?» አለች እማየ። አባየን ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የምትላቸው።

«እሱማ አላለም። ሳጥኑ ነው የሚናገረው።»

«እንዴ! ሳጥን አምነው ልጄን ሊያስበሉ ነው?»

በርሄም ነግሯቸው ነበር፤ እኔ ሰምቻለሁ። «መሪጌታ፣ የወቅት ነገር አይደለም። የዘመን ቅደም ተከተል ነው፤ ቅድመ አያት፣ አያት፣ አባት፣ ልጅ እንደሚባለው። አራተኛው ታናሽየው ነው» አላቸው። አባየ በትዕግሥት፣ ተማሪ እንደሚያርሙት አድርገው አረሙት። «ዘመን ምን ያደርገዋል በርሄ? ዜማ አያረጅም። ዜማ ያለው ቀን ነው። ቀኑን ያልጠበቀ ዜማ ጩኸት ነው። ይኸ ሰው ደግሞ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ነው።»

ዛሬ ሳስበው አባየ ካፒቴኑን አክብረውታል። እንደ ራሳቸው አድርገው ነው ያዩት። ዜማ የሚያውቅ ሰው ቀን አያውቅም ብለው ማሰብ አልቻሉም።

እኔም የራሴ ቂልነት ነበረብኝ። አንድ ሐሙስ በርሄን «እነዚህ የሚዘምሩት ሰዎች የት ናቸው?» አልሁት።

«ሁሉም ሞተዋል» አለኝ።

ይኸ ነገር ሌሊት ሌሊት አላስተኛ አለኝ። ካፒቴኑ ሰው ሲገድል ድምፁን በጥቁሩ ሸክላ ላይ እያስቀረ የሚያኖር መሰለኝ። እስር ቤቱና የሸክላው ቤት አንድ ግቢ ውስጥ የሆኑት ለዚህ ነው ብየ አሰብሁ። አራተኛው ሳጥን የተለቀውም የእኛ አገር ሰዎች እዚያ ውስጥ ስለ ሆኑ ነው። አንዳርጌ ድምፁ መልካም ነበር፤ አባየ «ይኸ ልጅ ቢማር» እያሉ የሚቆጩበት። ስለዚህ በመስኮቱ ስንቅ ሳቀብለው «አትዝፈን፤ በፍጹም እንዳትዘፍን» አልሁት። አንዳርጌ ሳቀብኝ። «እዚህ ሆኜ ዘፈን ያምረኛል ብለሽ ነው፣ ትዋብ?» አለኝ።

የፈረንጆቹ ፋሲካ በእኛ ሆሳዕና ላይ ዋለ። ጠጡ፣ ተኮሱ፣ ሐይቁ ላይ የሚበራ ነገር ወረወሩ። ካፒቴኑ ግን አሞት ተኝቷል ተባለ፤ ሳጥኑን አልከፈተም። አባየ ይኸን ሲሰሙ ደስታቸውን አልቻሉትም። «አየሽ! የራሳቸው ፋሲካ አልፎ እንኳ አልከፈተውም። የእኛን እየጠበቀ ነው!» እማየ እንኳ ያን ቀን ጥቂት አመነች፤ ለአንዳርጌ ልብስ አጠበች።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። በዚያ ሳምንት ሰው ሰላምታ አይለዋወጥም፤ አይሳሳምም፤ መንገድ ላይ ተያይቶ ዝም ብሎ ይተላለፋል። አባየ ሐሙስ ዕለት አልሄዱም፤ ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ ብለው ላኩ።

ዓርብ፣ ስቅለት፣ አገሩ ሁሉ ደብሩ ግቢ ውስጥ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሰው ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይወድቃል። ከአባየ ድምፅ በስተቀር የሚሰማው የጉልበትና የመሬት ድምፅ ብቻ ነበር። እኔ ከእማየ አጠገብ ስሰግድ ደክሞኝ፣ ግንባሬን አፈሩ ላይ አድርጌ ጉንዳን እቆጥር ነበር። ቀና ስል በርሄን አየሁት። ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ፣ ከሰጋጆቹ መካከል እየተሽሎከለከ መጣ። አንድ ንባብ ሲያበቃ አባየ ዘንድ ደረሰ። እማየ እሱን ስታይ ተነሣች፤ እኔም ተከተልኋት።

«መሪጌታ፣ ካፒቴኑ ተቀይሯል» አለ በርሄ በሹክሹክታ። «ነገ ጠዋት ይሄዳል። የሚሄደው በካሚዮኑ ነው፤ እስረኞቹም በዚያው ይጫናሉ። ዛሬ አራተኛውን ይስማልኝ፤ ከሰማልኝ ልጁን እንዲለቅ ለዘበኛው ቃል እሰጣለሁ ብሏል።»

«ዛሬ?»

«አሁን።»

«ስቅለት መሆኑን ንገረው።»

«ነገርሁት መሪጌታ። የእኛ አልፏል አለኝ።»

አባየ ዙሪያቸውን አዩ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ነበር። «የትንሣኤ ነው እኮ» አሉ፤ እንደ ልጅ ነው ያሉት፤ «ሳጥኑ የትንሣኤ ነው እኮ።»

«አንተ ሰውየ!» አለች እማየ።

እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም። ጮክ አላለችም፤ ግን ከፊት ያሉት ሰዎች ቀና አሉ።

«ልጄን በካሚዮን ይዘውት ሊሄዱ ነው፤ አንተ ስለ ከበሮ ታወራለህ? ሂድ! ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፤ ሂድ!»

አባየ መቋሚያቸውን አጠገባቸው ለነበሩት፣ የግራውን ወገን ለሚመሩት ለግራ ጌታ ውበቱ ሰጡ። ግራ ጌታ ምን እንደ ሆነ ሳይገባቸው ተቀበሉ። ከዚያ አባየ በሰጋጁ መካከል ወደ በሩ ሄዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው፤ የከለከለኝ አልነበረም። ሰዎች ለመስገድ ሲወድቁ ሲነሡ አዩን። መሪጌታው በስቅለት፣ ገና ቀትር ሳያልፍ፣ ወደ ጣልያን ካምፕ!

የካፒቴኑ ቤት ባዶ ነበር። ዕቃው ሁሉ ታስሯል፤ የቀረው የሸክላ ማጫወቻውና አራተኛው ሳጥን ብቻ ነው። ካፒቴኑ የመንገድ ልብሱን ለብሷል። ለአባየ ወይን ቀዳላቸው፤ በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ከዚያ ተቀመጡና ጥምጥማቸውን ፈቱ። ሰው ፊት ጥምጥም ሳይኖራቸው አይቻቸው አላውቅም። ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አኖሩት።

ካፒቴኑ መቆለፊያውን ከፈተ።

መጀመሪያ ረጋ ያለ ነበር፤ አንድ ክር ብቻውን ያለቀሰ ይመስላል። ከዚያ ተከተሉት። ከዚያ ከበሮው መጣ፤ ከሩቅ፣ ከደልጊ ማዶ እንደሚመጣ ነጎድጓድ፤ እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ ቤቱን ሞላው። መለከቱ ተነሣ። የአባየ እጅ ጥምጥሙን ጨበጠው። እኔ በሙሉ ጆሮዬ የአንዳርጌን ድምፅ እፈልግ ነበር። ካፒቴኑ ሸክላ ባወጣ ቁጥር «ይኸ ነው፣ ይኸ ነው» እያልሁ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሰው የዘመረበት አልነበረም። አንዳርጌ ገና አልሞተም ብየ ደስ አለኝ።

ሸክላው አንዱ ሲያልቅ ሌላው ሲተካ ፀሐይ ወደ ዘጌ ዞረች። ከደብሩ በኩል ስግደቱ እንዳለ ነበር፤ ነፋሱ ሲያመጣው እግዚኦታው ይሰማል፤ ከበሮው ሲመታ ይሰወራል። ካፒቴኑ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙሮ ነበር። የመጨረሻው ሸክላ ሲያልቅ ዞረ፤ እያለቀሰ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፤ አገሬን የወረረ፣ ወንድሜን ያሰረ ሰው፣ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። በርሄን አንድ ነገር አለው።

«እንዴት ነበር ይላል።»

አባየ መሬቱን ያዩ ነበር፤ ጢማቸው ርሷል።

«ያምራል» አሉ። «የከፋውም ይኸው ነው።» ከዚያ ቀና ብለው «ልጄን» አሉ።

ካፒቴኑ ቃሉን አላጠፈም። ዘበኛውን ጠራ። አንዳርጌ እያነከሰ ወጣ፤ ፀሐዩ ዓይኑን ወጋው፤ አባየን ያለ ጥምጥም ሲያያቸው ደንግጦ ቆመ። አባየ አንገቱን ይዘው ሳሙት። ሕማማት ነው፤ መሳም አይገባም። እሳቸው ግን ደጋግመው ሳሙት።

ሦስታችን ወደ ቤት ስንሄድ ስግደቱ አብቅቶ ሰው ከደብሩ ይወጣ ነበር። ማንም ሰላም አላለንም። እኔ «ሕማማት ስለ ሆነ ነው» ብየ ለአንዳርጌ ነገርሁት፤ ከእስር የወጣ ሰው ይህን የረሳ መስሎኝ። ግራ ጌታ ውበቱ ሲያልፉ የአባየን መቋሚያ በአጥራችን ላይ አስደግፈውት ሄዱ።

እማየ አንዳርጌን ስታይ ምን እንደ ሆነች አልነግራችሁም፤ እናት የሆነች ታውቀዋለች። አባየን ግን ያን ማታ እግራቸውን አጠበቻቸው፤ ስታጥብ በየቃሉ መካከል «እርስዎ፣ እርስዎ» ትላቸዋለች። አንዳርጌ በምን እንደ ተፈታ ሲሰማ ተነሥቶ ቆመ።

«ለእኔ ብለው ከሆነ ባልተፈታሁ ይሻለኝ ነበር!»

«ተቀመጥ» አሉ አባየ። «አንተን የጠየቀህ የለም።»

በማግስቱ ካሚዮኑ ሄደ። ከአንዳርጌ ጋር የታሰሩት ሁሉ ተጭነው ነበር። አንድም አልተመለሰም።

ለፋሲካ አባየ አሞኛል ብለው ቤት ቀሩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር። አንዳርጌ ፋሲካውን ከእኛ ጋር ውሎ ማክሰኞ አርበኞቹ ወዳሉበት ጫካ ሄደ። ከዚያ የዳግም ትንሣኤ ሰንበት ደረሰ። ጠዋት አባየ ተነሡ፣ ፊታቸውን ታጠቡ፣ ነጭ ለበሱ፣ መቋሚያቸውን ያዙ። ጥምጥሙን ግን ዕቃ ማስቀመጫው ላይ እንደ ነበረ ተውት። እማየ አየችው።

እኔ ቁርስ በልቼ ስለ ነበር ወደ ውስጥ አልገባሁም። ቁርስ የበላን ልጆችና መግባት የማይችሉ ሴቶች የምንቆምበት፣ ከቅጥሩ ውስጥ ካለው ዋንዛ ሥር ቆምሁ። ሌላ ጊዜ አባየ በአጠገቤ ሲያልፉ ራሴን ዳበስ አድርገው ነው የሚገቡት። ያን ቀን መጡና አጠገቤ ቆሙ።

ውስጥ ማኅሌቱ ተጀመረ። ከአንድ ቦታ ሲደርስ ጸጥ አለ። ያ ቦታ የእሳቸው ነው፤ ሁልጊዜ የሚያነሡት እሳቸው ናቸው። ጸጥታው ረዘመ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ግራ ጌታ ውበቱ ብቅ ብለው ግቢውን ሲያዩ ዋንዛው ሥር አገኟቸው፤ ከሴቶችና ከልጆች መካከል። መጥተው ፊታቸው ቆሙ።

«የኔታ፣ እየጠበቅንዎት ነው» አሉ። ድምፃቸው የተማሪ ድምፅ ነበር፤ ከአባየ ነው የተማሩት። «ሰው ቢያወራ አይስሙት። የልጅ ነገር ነው፤ ማን አይሄድም ነበር?»

«ውበቱ» አሉ አባየ፤ «ከበሮዬን በስቅለት ሰምቻለሁ። ተገድጄ ብቻ ቢሆን እገባ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የሰማሁት። አንሣው ልጄ፤ ሰው ቆሟል።»

ግራ ጌታ አልቅሰው ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ ዜማውን አነሡት፤ ድምፃቸው መጀመሪያ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ተስተካከለ፤ ከበሮው መመታት ጀመረ፤ እልልታው ግቢውን ሞላው። አባየ ዓይናቸውን ጨፍነው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ነፃ በሆነችው እጃቸው እጄን ያዙኝ፤ እስኪያመኝ ድረስ አጥብቀው።

እኔ ግን በዚያ ጠዋት በዓለም ላይ እንደ እኔ የተደሰተ ልጅ አልነበረም። ከኔ ጋር ሊቆሙ የመጡ መስሎኝ ነበር።